ብርሃኑ መቼ ደረሰ? የለንደኑ የሕፃናት አንጎል መሣሪያና የጊዜ ስህተቱ

በ2002 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አንድ ጥናት ወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጥናቱ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጎልን በብርሃን ብቻ በስሪ ዲ አሳየ። ሕፃኑ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶበት ነበር። ደሙ በብዛት የተጠራቀመው በግራ በኩል ባለው የአንጎል ፈሳሽ መያዣ ክፍል ውስጥ ነው። የብርሃኑ ምስልም ግራና ቀኙ እኩል እንዳልሆነ አሳየ። ልዩነቱ ደሙ ከፈሰሰበት ጎን ጋር ይስማማል። ካለጊዜው ከተወለደ ሕፃን አንጎል እንዲህ ዓይነት የብርሃን ምስል ሲወሰድ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እኔን የሚይዘኝ ከምስሉ በፊት ያለው ሥራ ነው። አንድ መሣሪያ ግራና ቀኙን ለየ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ፣ ልዩነቱ የሕፃኑ ነው ወይስ የመሣሪያው የሚለው ነው። ብርሃኑን የሚያመጣው የግራ ፋይበር (ብርሃን የሚያልፍበት ቀጭን የመስታወት ክር) ከቀኙ በጥቂት ሚሊሜትር ቢረዝም፣ በግራ በኩል ያለው ብርሃን ዘግይቶ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ስለ ፋይበሩ ርዝመት የሚያውቀው ነገር የለም። መዘግየቱን ከአንጎል የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል፣ በዚያም ላይ ምስል ይሠራል። ምስሉ ያምራል፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ግን ውሸት ነው።

የለንደኑ ቡድን ይህንን እንዴት እንደተወጣው በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። መሣሪያ ለሚሠራም፣ በመሣሪያ ለሚለካም፣ ውጤቱን ለሚያነብም።

ጊዜው ለምን ያስፈልጋል?

በ1977 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፍራንስ ዮብሲስ፣ ለዓይናችን ከሚታየው ቀይ ትንሽ አለፍ ያለው ብርሃን አጥንትና አንጎልን አልፎ መውጣት እንደሚችል አሳየ። በዚህ የብርሃን ክልል ውስጥ ደም ዋነኛው ብርሃን መጣጭ ነው። በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይባላል፤ ኦክሲጅን የያዘውና ያልያዘው ብርሃንን የሚመጥጡት በተለያየ መጠን ነው። ስለዚህ ሁለት የሞገድ ርዝመቶች ተልከው የሚመለሰው ከተለካ፣ ደሙ ምን ያህል እንደሆነና ኦክሲጅኑ እንዴት እንዳለ ማስላት ይቻላል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያም የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው።

ችግሩ ብርሃን በአንጎል ውስጥ ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው። እየተበተነ፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚያልፈው። አዲስ በተወለደ ሕፃን ጭንቅላት ላይ ብርሃኑ የሚጓዘው መንገድ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ካለው ርቀት 5 እጥፍ ገደማ ይረዝማል። በአዋቂ ላይ ከ6 እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። የመንገዱን ርዝመት ካላወቅን ብርሃኑ የደከመው ደም ስለበዛ ይሁን መንገዱ ስለረዘመ መለየት አንችልም።

የብርሃን ፍጥነት ግን ይታወቃል። ሰዓቱን ከለካን ርቀቱን እናገኛለን። በ1988 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዴቪድ ዴልፒና ባልደረቦቹ ይህንኑ አደረጉ። እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ ላኩ፣ መቼ እንደወጣ ለኩ፣ ከዚያም መንገዱን አሰሉ።

የሚለካው ጊዜ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ቁጥሩ ይናገር። መለኪያው ፒኮሰከንድ ነው፣ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ክፍል። በባዶ ቦታ ብርሃን በአንድ ፒኮሰከንድ 0.3 ሚሊሜትር ይሄዳል። በሰውነት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ቀስ ስለሚል 0.21 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በሕፃን ራስ ላይ በ4.5 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን እንውሰድ። መንገዱ በ5 ሲባዛ 22.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ብርሃኑ ይህንን ለመጨረስ 1,050 ፒኮሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ጠቅላላ ጉዞው ይህ ነው። አንጎል ሲሠራ ደሙ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ደግሞ አማካይ ጊዜው የሚለወጠው በጥቂት ፒኮሰከንድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፋይበሩ እንመለስ። በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ ብርሃን አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ 5 ፒኮሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አንድ ሴንቲ ሜትር የረዘመ ፋይበር 50 ፒኮሰከንድ ይጨምራል። ከላይ ባለው ስሌት ይህ 5 በመቶ ስህተት ነው። አንድ ሚሊሜትር እንኳ አንጎሉ ሲሠራ ከሚታየው ለውጥ ጋር ይስተካከላል።

መሣሪያው

መሣሪያው ሞንስቲር ይባላል። በ2000 በፍሎሪያን ሽሚትና ባልደረቦቹ ጽሑፍ ይፋ ሆነ። 32 ብርሃን ሰጪ ፋይበሮችና 32 ብርሃን ተቀባይ መስመሮች አሉት። ሌዘሩ የሞገድ ርዝመታቸው 780 እና 815 ናኖሜትር የሆኑ ብልጭታዎችን ይሰጣል። ማቀያየሪያው ብርሃኑን ተራ በተራ ከ32ቱ ሰጪዎች ወደ አንዱ ይልካል። ተቀባዮቹ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዳምጣሉ። እያንዳንዱ ተቀባይ መስመር ላይ የብርሃኑን መጠን የሚቀንስ መሣሪያ አለ፣ ምክንያቱም ለሰጪው ቅርብ የሆነው ተቀባይ እጅግ ብዙ፣ ሩቁ ደግሞ እጅግ ጥቂት ብርሃን ያገኛል። ከዚያ ብርሃኑ ወደ ፎቶመልቲፕላየር ይገባል። ይህ ክፍል አንዲትን ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) እንኳ ወደ ኤሌክትሪክ ምት ይለውጣል። ኤሌክትሮኒክሱ ምቱ ከብልጭታው በኋላ በስንት ፒኮሰከንድ እንደመጣ ይመዘግባል። ይህ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ብልጭታዎች ይደገማል፣ በመጨረሻም የመድረሻ ጊዜዎች ስርጭት ይገኛል።

የሕፃኑ ራስ ላይ የሚደረገው ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ ሄልሜት ነው። የፋይበሮቹ ጫፎች እዚያ ላይ ይሰካሉ። በእያንዳንዱ መሰኪያ ላይ አንድ ሰጪና አንድ ተቀባይ አብረው አሉ። ይህቺን ዝርዝር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ ነገሩን ሁሉ የምትፈታው እሷ ናት።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል? ከሁሉም ቦታ። ፋይበሮቹ እኩል አይደሉም። የፎቶመልቲፕላየሮቹ የውስጥ ጉዞ ጊዜ ይለያያል። ከዚያ ወደ ቆጣሪው የሚወስደው የኤሌክትሪክ ገመድም እንደ ፋይበሩ በሚሊሜትር 5 ፒኮሰከንድ ገደማ ይበላል። ምቱ መቼ እንደጀመረ የሚወስነው የኤሌክትሮኒክ ክፍል፣ ትልቅ ምትና ትንሽ ምት ሲመጣለት ትንሽ ለየት ያለ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የመጠን መቀነሻው ሲከፈትና ሲዘጋ በፋይበሩ ውስጥ የትኞቹ የብርሃን ጨረሮች እንደሚያልፉ ስለሚቀይር፣ ጊዜውን ይነካል። በዚህ ሁሉ ላይ ሙቀት አለ። መሣሪያው ከተከፈተ በኋላ እየሞቀ ሲሄድ ሰዓቱ ይንሸራተታል። የክፍሉ ሙቀት ሲለወጥም እንዲሁ።

ነገሩን በሩጫ ማየት ይቻላል። 32 ዳኞች የአንድ ሯጭን ሰዓት ይዘዋል፣ ግን ሁሉም የእጅ ሰዓታቸውን ያስነሱት በተለያየ ቅጽበት ነው። እያንዳንዱ ዳኛ ታማኝ ነው፣ ሰዓቱም በትክክል ይቆጥራል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ግን አይነጻጸሩም። ስንት እንደዘገዩ ካወቅን ግን ሁሉንም መልሰን እኩል ማድረግ እንችላለን።

አንድ ጥሩ ዜና አለ። መሣሪያው በራሱ የሚጨምረው መዘግየትና የአንጎሉ መዘግየት በአማካይ ጊዜ ላይ በቀላሉ ይደመራሉ። የተለካው አማካይ ጊዜ የአንጎሉ ሲደመር የመሣሪያው ነው። ስለዚህ ማረሙ መቀነስ ብቻ ነው። ስርጭቱ የሚሰፋበት መጠን፣ ማለትም ቫሪያንሱም፣ እንዲሁ ይደመራል። ከባዱ ነገር የሚቀነሰውን ቁጥር ማወቅ ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ፦ አስቀድሞ መለካት

32 ሰጪና 32 ተቀባይ ሲጣመሩ 1,024 ጥንዶች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ የመሣሪያውን መዘግየት በቀጥታ እንለካ ብንል ሕፃኑ አድጎ ይሄዳል። ደግነቱ አያስፈልግም። የአንድ ጥንድ መዘግየት የሰጪው መዘግየትና የተቀባዩ መዘግየት ድምር ነው። ስለዚህ የማናውቃቸው ቁጥሮች 1,024 ሳይሆኑ 64 ብቻ ናቸው።

በ2000 ኤልዛቤት ሂልማንና ባልደረቦቿ ለዚህ መሣሪያ የካሊብሬሽን፣ ማለትም የመሣሪያውን የራሱን ስህተት ለክቶ የማረም፣ ዘዴዎችን የያዘ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፋይበሮቹን በቀለበት ላይ ደርድር፣ ከመሃሉ ብርሃን ልቀቅ። ከመሃል እስከ ጫፎቹ ያለው ርቀት እኩል ስለሆነ ብርሃኑ ለሁሉም በአንድ ቅጽበት ይደርሳል። አንዱ ተቀባይ ከሌላው ዘግይቶ ካሳየ መዘግየቱ የራሱ ነው። ይመዘገባል፣ ከኋላ ይቀነሳል።

ይህ ዘዴ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ለሕፃን ክፍል ግን ጎደሎ አለው። ልኬቱ የተወሰደው ፋይበሮቹ ቀለበት ላይ ሳሉ ነው። ከዚያ ይነቀላሉ፣ ወደ ሄልሜቱ ይሰካሉ፣ ይታጠፋሉ። ጊዜ ያልፋል። ሕፃኑ እስኪረጋጋ መጠበቅ አለ። ነርሷ ልታየው ትመጣለች። በዚህ መሃል የኤሌክትሮኒክሱ ሙቀት ተለውጧል። ጠዋት የተወሰደው ካሊብሬሽን ከሰዓት በኋላ የሚያርመው ሌላ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል። የመሣሪያው ስም ያው ነው፣ መዘግየቱ ግን ያው አይደለም።

እዚህ ጋ ብዙ የመለኪያ ሥራ ይበላሻል ብዬ አምናለሁ። ካሊብሬሽን እንደ አንድ ፎርማሊቲ ይወሰዳል። ተሠርቷል፣ ተፈርሟል፣ ቀኑ ተጽፏል። የተለካው ነገር ግን ከሚለካው ነገር ጋር በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት አልነበረም። የለንደኑ ቡድን ያደረገው ትልቁ ነገር ይህንን አለመቀበሉ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ፦ ከሕፃኑ ራስ ላይ የተመለሰው ብርሃን

በ2003 ጀረሚ ሄብደንና ባልደረቦቹ ሌላ ጽሑፍ አወጡ። በጽሑፉ ላይ ከፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ጂዮቫኒ ዛካንቲና ፋብሪዚዮ ማርቴሊም አሉበት። ጥያቄው ካሊብሬሽኑን ፋይበሮቹ በሚሠሩበት ቦታ እንዳሉ፣ ከምስሉ ልኬት ወዲያው በፊት ወይም ወዲያው በኋላ መሥራት ይቻላል ወይ የሚል ነበር።

መልሱ ቅድም ያዙልኝ ያልኳት ዝርዝር ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ መሰኪያ ላይ ሰጪና ተቀባይ አብረው አሉ። ሰጪው ብርሃን ሲለቅ ጥቂቱ ከራሱ ከቆዳው ላይ ተመልሶ እዚያው ያለው ተቀባይ ውስጥ ይገባል። ያ ብርሃን አንጎል ውስጥ አልገባም። የተጓዘው መንገድ የመሣሪያው ብቻ ነው፤ በሰጪው ፋይበር ወርዶ በተቀባዩ ፋይበር ተመለሰ። ስለዚህ የሚመዘገበው ጊዜ የዚያ መሰኪያ ሰጪና ተቀባይ መዘግየት ድምር ነው። ቀለበት አያስፈልግም፣ መንቀልም መሰካትም አያስፈልግም። ሕፃኑ ሄልሜቱን እንዳደረገ ይለካል።

ሒሳብ የሚወድ አንባቢ እዚህ ጋ እጁን ያወጣል። 32 መሰኪያዎች 32 ቁጥሮች ይሰጣሉ፣ የማናውቃቸው ግን 64 ነበሩ። ግማሹ ከየት ይመጣል? ከዚህ በታች ያለው ስሌት የጽሑፉ ሳይሆን የራሴ ነው፣ የሚቆመው ግን በታወቀ የፊዚክስ ሕግ ላይ ነው። ብርሃን ከሀ ወደ ለ ለመሄድና ከለ ወደ ሀ ለመሄድ በሕብረ ሕዋስ ውስጥ የሚወስድበት ጊዜ እኩል ነው። ሰጪና ተቀባይ አንድ ቦታ ስላሉ ደግሞ ሁለቱንም አቅጣጫ መለካት ይቻላል።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተመረጡ ናቸው። በመሰኪያ 3 ላይ ሰጪው 120፣ ተቀባዩ 40 ፒኮሰከንድ ይዘገያል እንበል። በመሰኪያ 17 ላይ ሰጪው 70፣ ተቀባዩ 95። በሁለቱ መካከል ያለው የአንጎል ጉዞ 1,000 ነው። ከእነዚህ አንዱንም አናውቅም። የምናየው ይህንን ብቻ ነው፦ ከ3 ወደ 17 ሲላክ 1,215፣ ከ17 ወደ 3 ሲላክ 1,110። አንድ መንገድ ሆኖ በአንዱ አቅጣጫ በ105 ፒኮሰከንድ ይበልጣል። ይህ ብቻውን የመሣሪያው ሰዓት እንደተዛባ ያጋልጣል።

አሁን ከቆዳ የተመለሰውን እንጨምር። በመሰኪያ 3 ላይ 160 ይነበባል፣ በ17 ላይ 165። ሁለቱን ጉዞዎች ደምር፣ 2,325። ሁለቱን ነጸብራቆች ደምር፣ 325። ቀንስ፣ 2,000። ለሁለት አካፍል፣ 1,000። የእያንዳንዱን ፋይበር መዘግየት ለየብቻ ሳናውቅ የአንጎሉን ጊዜ አገኘነው። የነበረው ስህተት ሙሉ በሙሉ ወጣ። ይህንን ስሌት ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ተጨማሪ ዕቃ አልተገዛም። መሰኪያው በትክክል ታስቦ ስለተሠራ ብቻ የሚጎድለው መረጃ በእጅ ላይ ነበር።

ቆዳ መስታወት አይደለም

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። መስታወት ላይ የተመለሰ ብርሃን ወዲያው ይመለሳል። ከቆዳ ላይ የሚመለሰው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከላይ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ሌላው ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ተበትኖ፣ ዘግየት ብሎ ይወጣል። የሁለተኛው መዘግየት እንደ ቆዳው ይወሰናል። ብርሃን በጣም የሚበትን ቆዳ ቶሎ ይመልሰዋል። ብዙ የሚመጥ ቆዳ ደግሞ ረጅም የተጓዘውን ያስቀርና አማካዩን ያሳጥራል።

እንዲህ ከሆነ ካሊብሬሽናችን ራሱ በሕፃኑ ላይ ይንተራሳል ማለት ነው። መሣሪያውን ልናርምበት የፈለግነው ቁጥር ልንለካው ከፈለግነው ነገር ጋር ተቀላቀለ። ይህ ቀላል ጥርጣሬ አይደለም። ቡድኑም አላለፈውም።

የተጠቀሙት የሞንቴ ካርሎ ሲሙሌሽን ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፎቶን ለብቻው ይከተላል። የት እንደተበተነ፣ የት እንደተመጠጠ፣ መቼ እንደወጣ በዕድል ሕግ ይወስናል። ፎቶኖቹ በጣም ብዙ ሲሆኑ የእውነተኛውን ብርሃን ስርጭት ይመስላሉ። የቆዳውን ባሕርይ እየቀያየሩ የተመለሰው ብርሃን ጊዜ ምን ያህል እንደሚነካ አዩ። ውጤቱ የሚያስተማምን ነበር። በአንዳንድ ሁኔታ ተጽዕኖው ችላ ሊባል እስኪችል ድረስ ትንሽ ነው። በሌሎቹም በጥቂት ማስተካከያ በአብዛኛው ሊካስ ይችላል። ቀጥሎ የሕብረ ሕዋስ ባሕርይ ያለው ጠጣር ነገር ላይ ምስል ወስደው ዘዴው እንደሚሠራ ባጭሩ አሳዩ።

ስለ ቆዳ ካነሳን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ2020 መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የጣት ኦክሲጅን መለኪያ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ድብቅ የኦክሲጅን እጥረትን የሚያመልጥበት ድግግሞሽ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ለእኛ ይህ የሩቅ ዜና አይደለም። ብርሃን የሚለካ ማንኛውም መሣሪያ ስንመለከት የመጀመሪያው ጥያቄያችን መሆን አለበት፣ ለጥቁር ቆዳና ለጥቅጥቅ ጥቁር ፀጉር ይሠራል ወይ? ጊዜን የሚለካ ዘዴ እዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለው። የቆዳው ቀለም የሚገኘው በስስ የላይኛው ሽፋን ላይ ነው። በዋናነት የሚያደርገው የብርሃኑን መጠን መቀነስ ነው። አማካይ ጊዜ ደግሞ በጠቅላላው የፎቶን ቁጥር ተካፍሎ የሚገኝ ስለሆነ፣ ግማሹ ብርሃን ቢቀርም ዋናው ቁጥር ብዙም አይነቃነቅም። የሚጎዳው ትክክለኛነቱ ነው። ጥቂት ፎቶን ማለት ሰፋ ያለ የስህተት ክልል ማለት ነው። ይህ የሚካሰው ረዘም ላለ ጊዜ በመለካት ነው። ብልጫው አለ ማለት ግን ተፈትኗል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ገበያ ላይ ሲወጣ ከየትኞቹ ልጆች ላይ እንደተሞከረ መጠየቅ መብታችን ነው።

ካሊብሬሽን የማያርመው

መቀነስ የሚያርመው የማይለዋወጥ መዘግየትን ነው። በልኬቱ መካከል የሚንሸራተትን አያርምም። በፊትና በኋላ ከለካህ በመካከሉ ቀጥ ባለ መስመር ተለወጠ ብለህ ልታሰላ ትችላለህ። ግምት ነው፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ሌላው ደግሞ የፎቶን መደራረብ ነው። የቆጣሪው ኤሌክትሮኒክስ ከአንድ ብልጭታ የመጀመሪያዋን ፎቶን ብቻ ይመዘግባል። ብርሃኑ ከበዛ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ይጠፋሉ። ዘግይተው የሚመጡት ፎቶኖች ስለሚቀሩ አማካዩ ከእውነተኛው ቀደም ብሎ ይታያል። ይህ ስህተት በመቀነስ አይወጣም፣ ምክንያቱም መጠኑ እንደ ብርሃኑ ብዛት ይለዋወጣል። የተለመደው ጥንቃቄ ከመቶ ብልጭታ ከጥቂቱ በላይ ፎቶን እንዳይቆጠር ማድረግ ነው። በሞንስቲር ላይ የመጠን መቀነሻው ያለው ለዚሁ ጭምር ነው። ቸኩሎ ብርሃን የሚያበዛ ሰው ቁጥሩ ስለበዛለት ደስ ይለዋል፣ ሰዓቱ ግን ተዛብቶበታል።

ቡድኑ ቀጥሎ የመረጠው መንገድም አስተማሪ ነው። በ2004 በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ባለ ሕፃን ላይ የመተንፈሻው አሠራር ትንሽ ሲቀየር በአንጎሉ ደምና ኦክሲጅን ላይ የሚታየውን ለውጥ በምስል አወጡ። በ2006 ደግሞ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ክንድ ሰው እያንቀሳቀሰላቸው የአንጎላቸውን ምላሽ አሳዩ። በሁለቱም የሚታየው ልዩነት ነው፣ በፊትና በኋላ። የማይለዋወጠው የፋይበር መዘግየት በሁለቱም ልኬት ላይ ስላለ ሲቀናነስ ይጠፋል። ስለዚህ አንጎል ሲሠራ የሚታየውን ለውጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትልቁ ጠላት የርዝመት ልዩነት ሳይሆን መንሸራተት ነው። ፍጹም ቁጥር ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ የዚህ ሕፃን አንጎል ኦክሲጅን ስንት በመቶ ነው ለሚል ሐኪም ግን፣ ሁለቱም ጠላቶች ናቸው። በ2002ቱ የደም መፍሰስ ምስል ላይ የነበረው ፈተና ይህኛው ከባዱ ነው። ሕፃኑ ደም ሳይፈስበት የተወሰደ ማነጻጸሪያ አልነበረም።

ከለንደን በኋላ

በ2014 ሞንስቲር ሁለት መጣ። ከ650 እስከ 900 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ እስከ አራት የሞገድ ርዝመት መምረጥ የሚያስችል ሌዘር አለው። የሞገድ ርዝመት ሲበዛ የካሊብሬሽኑ ሥራም ይበዛል፣ ምክንያቱም ብርሃን በፋይበር ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት እንደ ሞገድ ርዝመቱ ትንሽ ይለያያል። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ላብራቶሪዎች ጊዜ ለሚለኩ የአንጎል መሣሪያዎች የጋራ የፍተሻ ፕሮቶኮል አወጡ። የመሣሪያው የራሱ ምላሽና የጊዜ ቆጣሪው እኩልነት በግልጽ የሚለኩ ነገሮች ሆኑ። በዚህ መስክ ከታዩት ጠቃሚ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው ባይ ነኝ። አንድ ላብራቶሪ መሣሪያዬ ጥሩ ነው ሲል ሌላው በዚያው መለኪያ መጠየቅ ይችላል።

በሎስ አንጀለስ ያለው ከርነል የተባለ ኩባንያ ደግሞ በ2022 ፍሎው የተባለውን የራስ ላይ መሣሪያ በጥናት መጽሔት ላይ ገለጸ። 52 ትናንሽ ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል 690 እና 850 ናኖሜትር ሌዘሮች፣ ዙሪያውን ደግሞ በ10 ሚሊሜትር ርቀት ስድስት ተቀባዮች ይዟል። ረጃጅም ፋይበሮች የሉም፣ ሁሉም ነገር ራስ ላይ ነው። ፋይበሩ ሲቀር የርዝመት ስህተቱ አብሮ ይቀንሳል። ሙቀቱ ግን ይቀርባል። ሌዘሩና ቺፑ ራስ ቆዳ አጠገብ ሆነው ይሞቃሉ። ይህንን ለመከታተል በእያንዳንዱ ክፍል መሃል ከሌዘሩ ብርሃን ጥቂቱን በቀጥታ የሚቀበል ማመሳከሪያ ዲቴክተር ተተክሏል። አንጎል ውስጥ ያልገባ ብርሃን የመሣሪያውን የራሱን ሰዓት ይነግረዋል፣ በልኬቱ መካከልም ሳይቋረጥ።

ሐሳቡ የ2003ቱ ነው። ልዩነቱ የለንደኑ ብርሃን ከሕፃኑ ቆዳ ላይ መመለሱ ነው፣ የዚህኛው ከክፍሉ ሳይወጣ መለካቱ። ስለዚህ ቆዳው አያዛባውም፣ ሲሙሌሽንም አያስፈልገውም። በአንጻሩ የማመሳከሪያው ዲቴክተር የሚያየው የሌዘሩን ሰዓትና የራሱን ነው። ዙሪያውን ያሉት ስድስቱ ተቀባዮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሙቀት ቢንሸራተቱ፣ ከቆዳ የተመለሰው ብርሃን ያጋልጣቸው ነበር፣ ይህኛው ግን በቀጥታ አያያቸውም። መሣሪያ የሚመርጥ ሐኪምም ሆነ ተመራማሪ ሻጩን መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው፦ ማመሳከሪያው የትኛውን መንገድ አብሮ ይጓዛል፣ የትኛውንስ ይዘላል? በአንድ ሰዓት ልኬት ውስጥ የተመዘገበውን የመንሸራተት ግራፍ ማሳየት ይችላል ወይ?